ከኦቶማን ግዛት ወደ ሐረር የመጡትን የጋራ ቅድመ አያታችንን በድሮ መዛግብት እንዴት እንከታተል?

የአንጥረኛው ዘር (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የምጽፍላችሁ ስለ ቅድመ አያቴ፣ ማለትም ስለ እናቴ እናት አባት፣ ምክራችሁን ለመጠየቅ ነው። እኒህ ሰው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከኦቶማን ግዛት ተሰድደው በጅቡቲ በኩል ሐረር የገቡ አርመናዊ ወርቅ አንጥረኛ ነበሩ። ሐረር ሳሉ አንዲት የአገራችንን ሴት አግብተው በ1908 ዓ.ም. አያቴን ወለዱ፤ በኋላም ብቻቸውን ወደ አዲስ አበባ ተሻግረው ፒያሳ አካባቢ ሱቅ ከፍተው እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ በሙያቸው እንደኖሩ እናቴ ከእናቷ አፍ ሰምታለች። የቤተሰቡን ስም እዚህ ያላወጣሁት በሕይወት ያሉ ዘመዶች ስላሉና ፈቃዳቸውን ስላልጠየቅሁ ነው።

በእጃችን ያለው ማስረጃ ጥቂት ነው። አንደኛው በ1911 ዓ.ም. ሐረር ላይ የተጻፈ የቤት ኪራይ ውል ሲሆን፣ ግርጌው ላይ የቅድመ አያቴ ክብ ማኅተም በሐምራዊ ቀለም ተመትቶበታል፤ በመሐሉ የሚዛን ምስል፣ ዙሪያውን ደግሞ በአማርኛና በአርመንኛ ፊደል የተቀረጸ ስም አለው፤ የአርመንኛው ግማሽ ግን የወረቀቱ መታጠፊያ ላይ ስለዋለ ተፍቋል። ሁለተኛው እሳቸው ቆመው፣ ባለቤታቸው አያቴን ታቅፈው ተቀምጠው የተነሡት ፎቶግራፍ ሲሆን ከጀርባው የፎቶ ቤት ማኅተም አለበት። ሦስተኛው ጉለሌ ጴጥሮስ ወጳውሎስ በሚገኘው የአርመኖች መቃብር ያለው የመቃብር ድንጋያቸው ነው፤ ጽሑፉን የሚያነብልን ሰው እስካሁን አላገኘንም።

በቤተሰባችን ውስጥ የሚያከራክሩ ነገሮች አሉ። አክስቴ የትውልድ ከተማቸው አረብኪር ነው ሲሉ፣ አጎቴ ደግሞ አይንታብ ነው ብለው ይምላሉ። ከዚህም ሌላ ቅድመ አያታችን ራስ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ካስመጧቸው «አርባ ልጆች» አንዱ ነበሩ እየተባለ ለልጆች ይነገራል። በቅርቡ ደግሞ የዘር ምርመራ አድርጌ፣ ቶሮንቶ ከሚኖሩ አንዲት እመቤት ጋር 94 ሴንቲሞርጋን (የዘር መጋራትን መጠን መለኪያ ነው) የሚሆን የጋራ ዘር እንዳለን ውጤቱ አመለከተ፤ እሳቸውም ወላጆቻቸው አዲስ አበባ ያደጉ አርመኖች መሆናቸውን ጽፈውልኛል። እኒህ እመቤት በእውነት የቅድመ አያቴ ዘር መሆናቸውን በምን ማረጋገጥ ይቻላል? ወደ ትውልድ ከተማቸው የሚያደርሰን መዝገብስ የት ይገኛል?

መዝገብ ቤት የኖርኩ (አዲስ አበባ)

ጥያቄዎን በጥሞና አነበብኩ። በመጀመሪያ የአርባ ልጆችን ነገር እናንሣ፣ ምክንያቱም ይህ ሳይጠራ ፍለጋ ቢጀመር ወደማይሆን መዝገብ ይወስድዎታል። ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን የጎበኙት በ1916 ዓ.ም. ሲሆን፣ ወላጆቻቸውን ያጡትን አርመናውያን ልጆች ከአርመን ፓትርያርክ ተረክበው ከነሙዚቃ መሣሪያቸው ወደ አዲስ አበባ ያስመጧቸው በዚያው ዓመት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1924 ነው። የእርስዎ ቅድመ አያት ግን በ1908 ዓ.ም. ልጅ ወልደው፣ በ1911 ዓ.ም. በራሳቸው ማኅተም ውል ተዋውለዋል። ስለዚህ ከልጆቹ ቢያንስ ስምንት ዓመት ቀድመው እዚህ አገር የቆዩ ሙሉ ሰው ነበሩ ማለት ነው። ከሙዚቃ መሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር የመጡት ልጆች ዝና ትልቅ ስለሆነ ብዙ ቤተሰብ ከእነርሱ ጋር መያያዝ ይወዳል፤ ይሁን እንጂ የቀደሙት ስደተኞች ታሪክ ከዚያ የሚያንስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1894 እስከ 1896 በሱልጣን አብዱልሐሚድ ዘመን ከተፈጸመው ጭፍጨፋ በኋላ ብዙ አርመኖች ወደ ግብፅና ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ተሰድደዋል፤ ሐረርም በዚያ ጊዜ የአረብኪር ተወላጁ ሰርኪስ ቴርዚያን ከራስ መኰንን ጋር ይሠሩባት የነበረች ከተማ ስለነበረች አዲስ መጪው የሚጠጋበት ወገን አያጣም ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የምመክርዎ ከቅርቡ እንዲጀምሩ ነው። ሰው ዘሩን መፈለግ ሲጀምር ኢስታንቡል የሚገኘውን መዝገብ ያስባል፤ ነገር ግን አዲስ አበባ ላይ ያለውን ወረቀት ሳይጨርስ ወደዚያ የሄደ ሰው የሚፈልገውን ስም እንኳ በትክክል ሳይዝ ነው የሚሄደው። ሱቃቸው ወይም ቤታቸው የራሳቸው ከነበረና ለወራሽ ተላልፎ ከሆነ፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወጣ ማህደር ተከፍቶለት ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ያለ ማህደር ውስጥ የቀድሞው ባለቤት ሙሉ ስም፣ የካርታ ቁጥር፣ አንዳንድ ጊዜም የወራሾች ዝርዝር ይገኛል። የቤቱን የድሮ ቀበሌና የቤት ቁጥር ካወቁ ማህደሩን ማስፈለግ ይቻላል።

የኪራይ ውሉን ደግሞ እንደገና ያንብቡት። የአከራዩን ስም ሳይሆን የእማኞቹን ስም ይመልከቱ፤ በዚያ ዘመን ለአንድ ስደተኛ እማኝ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ የአገሩ ልጅ ነው። የእማኙ የትውልድ ከተማ ከታወቀ የቅድመ አያትዎም ከተማ ፍንጭ ይገኛል። በወረቀቱ ጀርባ የቆንስላ ማኅተም ካለበትም ትልቅ ነገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1908 ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ውል የውጭ ዜጎች ክርክር በቆንስሎች ፊት እንዲታይ መንገድ ስለከፈተ፣ አገር አልባ የሆኑ ነጋዴዎች የአንዱን ወይም የሌላውን ቆንስላ ከለላ ለማግኘት ይጥሩ ነበር። የፈረንሳይ ቆንስላዎች ወረቀት ዛሬ ናንት ከተማ በሚገኘው የዲፕሎማሲ መዝገብ ቤት ተቀምጧል።

አንድ ነገር አደራ ልበልዎት፦ ከዛሬ ጀምሮ የሚገለብጡትን እያንዳንዱን ቀን ከነዘመን አቆጣጠሩ ይጻፉ። «1911» ብቻ ብለው ከጻፉ ቶሮንቶ ያሉት ዘመድዎ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት ይዘው ይሄዳሉ፤ የእሳቸውም ቀኖች እርስዎን እንዲሁ ያሳስቱዎታል።

የአርመን ሰፈር ልጅ (ሎስ አንጀለስ)

ጽሑፉን ሳነብ ልቤ ተነክቷል፤ እኔም እዚያው ሰፈር ተወልጄ፣ በኬቮርኮፍ ትምህርት ቤት ተምሬ፣ ከአብዮቱ በኋላ የወጣሁ ነኝ። በ1960ዎቹ ከአንድ ሺህ በላይ የነበረው ማኅበረሰባችን አሁን እጅግ በጣም ስለቀነሰ፣ እንዲህ ያለው ፍለጋ ድንጋዩን የሚያነብ ሰው እያለ ቢደረግ ይመረጣል።

ከመቃብር ድንጋዩ እንነሣ። ድንጋዩን በአሲድም ሆነ በሽቦ ብሩሽ አያጽዱት፤ በኖራም በከሰልም አይቀቡት። በውኃ የራሰ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። ከዚያም ፀሐይዋ ዝቅ ባለችበት ሰዓት፣ ማለትም በማለዳ ወይም ወደ አመሻሹ፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ፎቶ ያንሡት፤ እኩለ ቀን ላይ የማይታየው ቅርጽ ጥላ ስለሚይዝ ይነበባል። ሙሉውን አንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱን መስመር ደግሞ ለየብቻው አንሥተው ከላኩልኝ አነብልዎታለሁ። አርመኖች በስደት አገር ሲቀበሩ የትውልድ ከተማቸውን በድንጋዩ ላይ ማስጻፍ የተለመደ ነው፤ ከከተማው ስም ቀጥሎ «ትሲ» የሚል መድረሻ ይመጣል፤ ሐረሬ፣ ጎንደሬ እንደምንለው ማለት ነው። ስለዚህ «አረብኪርትሲ» ወይም «አይንታብትሲ» የሚል ቃል ከተገኘ የአክስትዎና የአጎትዎ ክርክር በአንድ ቀን ያልቃል። ዓመቱ በአኃዝ ሳይሆን በፊደል ተጽፎ ቢያገኙት አይደንግጡ፤ እንደ ግእዝ ቁጥር ሁሉ የአርመን ፊደሎችም የቁጥር ዋጋ አላቸው። ከመጀመሪያዎቹ 36 ፊደሎች ዘጠኙ ለአሐዱ ቤት፣ ዘጠኙ ለዐሥር ቤት፣ ዘጠኙ ለመቶ ቤት፣ የቀሩት ዘጠኙም ለሺህ ቤት ናቸው።

ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ አለ። አዲስ አበባ የሚገኘው የአርመን ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ ይይዛል፤ የቀብሩን ቀን ከድንጋዩ ካገኙ በኋላ ካህኑን ወይም የማኅበረሰቡን ተጠሪዎች በጽሑፍ ቢጠይቁ ጥሩ ነው። በመዝገቡ ውስጥ ሲፈልጉ ስሙን በአንድ አጻጻፍ ብቻ አይፈልጉ። ሃጎፕ በአማርኛ ወረቀት ላይ ያዕቆብ፣ ኬቮርክ ጊዮርጊስ፣ ቦጎስ ጳውሎስ ሆኖ ይገኛል፤ ሃሩትዩን የተባለው ሰው ደግሞ በኦቶማን መዝገብ ብዙ ጊዜ አርቲን ይባላል። አያትዎ የአባታቸውን ስም እንጂ የቤተሰቡን ስም ስላልያዙ፣ የአያትዎ ልጆችም በተራቸው የየአባታቸውን ስም ስለያዙ፣ የቤተሰቡ ስም በሁለት ትውልድ ውስጥ ከኢትዮጵያ ወረቀት ይጠፋል። አያትዎን በአርመን ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ውስጥ ካላገኟቸው በእናታቸው ቤተ ክርስቲያን በሰማንያ ቀናቸው ተጠምቀው ይሆናልና የክርስትና ስማቸውንና የክርስትና እናታቸውን ማንነት እናትዎን ይጠይቁ።

የሙያ ስም የያዘ ቤተሰብ ከሆነ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቴርዚያን የልብስ ሰፊ ዘር፣ ኩዩምጂያን ደግሞ የአንጥረኛ ዘር ማለት ስለሆነ፣ በየከተማው አንድም ዝምድና የሌላቸው ብዙ ቤተሰቦች ይህን ስም ይጋራሉ። የስም መመሳሰልን ብቻ ይዞ ዘር መቀጠል አይገባም።

ከተማው ከታወቀ በኋላ የኦቶማን የሕዝብ ቆጠራ መዛግብት ይመጣሉ። አረብኪር በማሙረቱል አዚዝ፣ ማለትም በሐርፑት አውራጃ፣ አይንታብ ደግሞ በሐላብ (በአሌፖ) አውራጃ ሥር ስለነበሩ የሚከፈተው መዝገብ ፈጽሞ የተለያየ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1830ዎቹ ጀምሮ የተጻፉት የመጀመሪያዎቹ መዛግብት ወንዶችን ብቻ የሚቆጥሩ ሲሆን፣ ሙስሊም ላልሆኑት የተለየ ደብተር ነበራቸው። እያንዳንዱ ቤት በቁጥር ይጻፋል፤ ከዚያ የቤቱ አባወራ «መካከለኛ ቁመት፣ ጥቁር ጢም፣ አንጥረኛ» ተብሎ ከነዕድሜው ይመዘገባል፤ ከሥሩ «ልጁ»፣ «ወንድሙ» እየተባለ ወንዶቹ ይከተላሉ። ከመቶ ሰማንያ ዓመት በፊት የነበረ አያት ጢሙ ምን ዓይነት እንደነበረ ማወቅ ለእኔ ከምንም የሚበልጥ ደስታ ነበር። ሴቶች በስማቸው መግባት የጀመሩት እ.ኤ.አ. ከ1880ዎቹ ጀምሮ በተደረገው ቆጠራ ነው። ጽሑፉ በዐረብ ፊደል የተጻፈ የድሮ ቱርክኛ ስለሆነ አንባቢ ያስፈልጋል፤ መዛግብቱ የሚገኙት ኢስታንቡል ባለው የኦቶማን መዝገብ ቤት ሲሆን የውጭ አገር ተመራማሪም በፓስፖርቱ ተመዝግቦ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2018 የቱርክ መንግሥት በኢንተርኔት የከፈተው የዘር ሐረግ አገልግሎት ግን ለዜጎቹ ብቻ ስለሆነ ለእርስዎ አይጠቅምም። ሩሚ በሚባለው የኦቶማን አቆጣጠር የተጻፈ ዓመት ካገኙ 584 ይደምሩበት፤ ለምሳሌ 1296 ቢሆን እ.ኤ.አ. 1880 ይመጣል፤ ዓመቱ የሚጀምረው በመጋቢት ስለሆነ የጥርና የየካቲት ቀኖች ወደሚቀጥለው ዓመት ያልፋሉ።

ፎቶግራፉን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከምኒልክ ዘመን አንሥቶ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቻቸው የአርመን ማኅበረሰብ አባላት ነበሩ። ማኅተሙ የየትኛው ፎቶ ቤት እንደሆነና አድራሻው ምን እንደሚል ቢነግሩን ዘመኑን ማጥበብ ይቻላል።

የተገኘችው ዘመድ (ቶሮንቶ)

ጠያቂው የጠቀሱኝ ሰው እኔ ነኝ። አማርኛዬ የእናቴ ቤት አማርኛ ስለሆነ ስሕተት ቢኖርበት ይቅርታ አድርጉልኝ።

የእኔም ቅድመ አያት ፒያሳ ሱቅ የነበራቸው ወርቅ አንጥረኛ ናቸው፤ የአባቴ አባት እ.ኤ.አ. በ1926 አዲስ አበባ ተወለዱ። የአያቴ እናት እ.ኤ.አ. ከ1915ቱ የዘር ማጥፋት ተርፈው ሐላብ በስደተኞች ቤት ያደጉ አርመናዊት ነበሩ። በቤተሰባችን በተሳለው የዘር ሐረግ ላይ ቅድመ አያታችን እ.ኤ.አ. እስከ 1924 ድረስ ሚስትም ልጅም ያልነበራቸው ሆነው ነው የሚታዩት። ስለ ሐረር ሚስት ማንም ነግሮን አያውቅም።

የወንድሜን የጠያቂያችንን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ ግን አባቴ ያስቀመጡትን የሱቅ ደብተር አወጣሁ። ጠባብ፣ ረዥም፣ ጥቁር የጨርቅ ሽፋን ያለው ደብተር ነው፤ በግራ በኩል ገቢ፣ በቀኝ በኩል ወጪ ይጻፍበታል፤ የወርቁና የብሩ ክብደት ለየብቻው ተቀምጧል። ከየወሩ መጨረሻ በወጪው በኩል «ሐረር» የሚል አንድ ቃል አለ፤ አጠገቡ ዐሥር ብር፣ አንዳንድ ጊዜም ዐሥራ አምስት ብር ተጽፏል። ይህ ለዓመታት ሳይቋረጥ ይቀጥላል። አባቴ የቤት ዕዳ ይመስላቸው ነበር። አሁን ግን አያትዎ ከእናታቸው ጋር ሐረር ያደጉ ከሆነ ገንዘቡ ወዴት ይሄድ እንደነበረ መገመት አያስቸግርም፤ ቢሆንም ማስረጃ ሳይገኝ እንዲህ ነው ማለት አልፈልግም።

ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ደብተሩ በአርመን ፊደል ይጻፍ እንጂ ቋንቋው ቱርክኛ ነው ብሎ አንድ አዋቂ ነግሮኛል፤ ይህ ስለ ከተማቸው ምን ያሳያል? ሌላው ደግሞ፣ ቅድመ አያታችን አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ዉስተር በምትባል ከተማ አንድ ወንድም ነበራቸው፤ የደብዳቤው ፖስታ ከነአድራሻው በእጄ አለ። ወንድማቸው እ.ኤ.አ. በ1884 ገደማ እንደተወለዱ ይነገራል።

የአርመን ሰፈር ልጅ (ሎስ አንጀለስ)

እኅቴ፣ አማርኛዎ ምንም እንከን አይወጣለትም። ቱርክኛን በአርመን ፊደል መጻፍ የተለመደ ነበር፤ በተለይ የአይንታብ አርመኖች በአብዛኛው የሚናገሩት ቱርክኛ ስለነበረ ይህ ወደ አይንታብ ያደላል። ይሁን እንጂ የአረብኪር ነጋዴም ሒሳቡን በቱርክኛ ሊይዝ ይችላል፤ በተጨማሪም አንጥረኛ ሙያውን የሚማረው ሁልጊዜ በተወለደበት ከተማ አይደለም። በአንጻሩ ወደ ዉስተር የሄዱት አርመኖች ብዙዎቹ ከሐርፑት አውራጃ የተነሡ ስለነበሩ፣ ወንድማቸው እዚያ መገኘታቸው ወደ አረብኪር ይስባል። ሁለቱ ፍንጮች ስለሚጋጩ በግምት ከመወሰን የወንድማቸውን ወረቀት መፈለግ ይሻላል።

የቦስተን ነዋሪ

በዚህ ላይ ልረዳችሁ እችላለሁ። አንድ ስደተኛ ራሱ ስለ ትውልድ ቦታው ምንም ባይተው፣ ወንድሙ በሌላ አገር የሞላው ቅጽ ለሁለቱም ይናገራል። አሜሪካ ደግሞ ቅጽ የሚያስሞላ አገር ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለውትድርና የተመዘገቡ ሰዎች ካርድ አለ፤ ነገር ግን በ1884 የተወለደ ሰው በሰኔ 1917 ከተደረገው ምዝገባ ዕድሜው ስለሚያልፍ የሚገኘው በመስከረም 1918ቱ ውስጥ ነው፤ ያ ካርድ ደግሞ የቅርብ ዘመድን ስም እንጂ የትውልድ ከተማን አይጠይቅም። ስለዚህ ጊዜያችሁን በእርሱ ላይ አታጥፉ። የሚሻለው በሚያዝያ 1942 ከ45 እስከ 64 ዓመት የሆናቸው ወንዶች የተመዘገቡበት ካርድ ነው፤ በእርሱ ላይ የትውልድ ቀንና የትውልድ ቦታ በግልጽ ይጠየቃል፤ ፋሚሊ ሰርች በተባለው ድረ ገጽ በነፃ መፈለግ ይቻላል። የቤተሰቡ ስም በእንግሊዝኛ በብዙ ዓይነት ሊጻፍ ስለሚችል፣ ከስሙ ይልቅ በዉስተር አድራሻውና በትውልድ ዓመቱ ፈልጉ፤ ፖስታው ላይ ያለው የመንገድ ስም እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል።

ከ1907 በኋላ በመርከብ የገባ ከሆነ የመርከቡ የተሳፋሪዎች ዝርዝር ላይ በመጣበት አገር የቀረው የቅርብ ዘመዱ ስምና አድራሻ ተጽፎ ይገኛል። ዜግነት ጠይቆ ከሆነም ከ1906 ሕግ በኋላ የነበሩት ማመልከቻዎች የተወለደበትን ቦታና የመጣበትን መርከብ ይይዛሉ፤ ለማሳቹሴትስ የፌዴራሉ መዝገብ ቤት ቅርንጫፍ የሚገኘው ዋልተም ከተማ ነው። ከሁሉ በላይ የምመክራችሁ ግን ከ1936 ጀምሮ ሠራተኞች የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር ለማግኘት የሞሉትን ማመልከቻ ነው፤ በክፍያ ቅጂው ይሰጣል። ያ ቅጽ የአባትን ስም ብቻ ሳይሆን የእናትን ስም ከነልጅነት የቤተሰብ ስሟ ይጠይቃል። የወንድማማቾቹ እናት ማን እንደነበሩ በሌላ በምንም ወረቀት ላታገኙት ትችላላችሁ።

ስለ ዘር ምርመራው፦ ከአንድ ቅድመ አያትና ከአንድ ቅድመ አያት እናት የተወለዱ የሁለተኛ ደረጃ የአጎት ልጆች በአማካይ 230 ሴንቲሞርጋን ገደማ ይጋራሉ። እናንተ በአባት አንድ ሆናችሁ በእናት የምትለያዩ ከሆነ የዚያ ግማሽ ይጠበቃል፤ 94 ከዚያ ጋር አይጋጭም። ነገር ግን ራቅ ያለ ሌላ ዝምድናም ይህን ያህል ሊያሳይ ስለሚችል ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም። የጠያቂው እናት ፈቃደኛ ከሆኑ እሳቸው ይመርመሩ፤ በአንድ ትውልድ ስለሚቀርቡ የጋራው መጠን በእጥፍ ገደማ ከፍ ማለት ይኖርበታል።

የተገኘችው ዘመድ (ቶሮንቶ)

የ1942ቱን ካርድ አገኘሁት። የቤተሰቡ ስም በአንድ ፊደል ተሳስቶ ተጽፏል፤ የመንገዱ ስም ግን ከፖስታው ጋር ፊደል በፊደል ይገጥማል። የትውልድ ቦታ በሚለው ሣጥን ውስጥ «አረብኪር፣ ቱርክ» ይላል። የማኅበራዊ ዋስትናውን ማመልከቻ ቅጂም ጠይቄያለሁ።

የዘር ሐረጋችንንም ለማስተካከል ከአባቴ ጋር ተነጋግሬ ተስማምተናል። ለዚህ የሐረር ባለቤታቸውን ስም ከነአባታቸው፣ የአያትዎን የመጠሪያና የክርስትና ስም፣ እንዲሁም የተወለዱበትን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በግል መልእክት ይላኩልኝ። የደብተሩን ገጾች በሙሉ ፎቶ አንሥቼ እልክልዎታለሁ፤ የሐረሩ ክፍያ የጀመረበትና ያበቃበት ወር ከእናንተ ቤት ታሪክ ጋር ይገጥም እንደሆነ እናትዎ ይመልከቱት።

የአንጥረኛው ዘር (አዲስ አበባ)

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኅቴ፣ የጠየቁኝን ስሞች ዛሬ ማታ እልክልዎታለሁ። እናቴ ደብተሩ ሲነገራት አያቴ በየወሩ ከአዲስ አበባ በባቡር የሚመጣ ሰው በድሬዳዋ በኩል ገንዘብ ያደርስላቸው እንደነበረ ነገረችኝ፤ ላኪው ማን እንደሆነ ግን ልጆቹ አይጠይቁም ነበር። ገንዘቡ የቆመው አያቴ ሳያገቡ፣ ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው ትላለች። በደብተሩ ላይ የመጨረሻው የሐረር ክፍያ የተጻፈበትን ወር በመጀመሪያ ቢልኩልን ደስ ይለናል። እናቴም ለመመርመር ፈቅዳለች።

የመቃብሩን ድንጋይ በተነገረኝ መሠረት በማለዳ አንሥቼ ወደ ሎስ አንጀለስ ልኬያለሁ። በኪራይ ውሉ ላይም ሁለት እማኞች አሉ፤ አንደኛው የሐረር ሰው ሲሆን ሁለተኛው በአርመንኛ ብቻ ፈርሟልና ይህንንም እንዲያነቡልኝ አብሬ ልኬዋለሁ። ከዚህ በኋላ የሚቀረን የአረብኪርን የወንዶች መዝገብ የሚያነብ ሰው ማግኘት ነው፤ በዐረብ ፊደል የተጻፈ የድሮ ቱርክኛ የሚያነብ የሚያውቅ ካለ ክፍያውን ከቶሮንቶ ዘመዶቻችን ጋር ተካፍለን ለመክፈል ዝግጁ ነን።